የተገለበጠ 2 የሚመስለው 5፦ የኒክሲ አምፖሎቼን በሰዓቱ ላይ እንዴት ልደርድራቸው?

የሆጤ ልጅ (ደሴ)

ሰላም ለመድረኩ ቤተሰቦች። ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

ከቆራሌው ግቢ ሁለት አሮጌ የሶቪየት መለኪያ መሣሪያዎች ገዛሁ። ሣጥናቸው ዝጓል፣ ትራንስፎርመራቸው ተነቅሏል፤ በፊት መስኮታቸው የተደረደሩት የመስታወት ቱቦዎች ግን አንዳቸውም አልተሰበሩም። ኒክሲ አምፖሎች ናቸው። ለማያውቅ ባጭሩ ላስረዳ፦ ኤልኢዲ ሳይስፋፋ በፊት ቁጥር የሚታየው በእነዚህ ነበር። በመስታወቱ ውስጥ ከ0 እስከ 9 ባሉት አኃዞች ቅርጽ የተቆረጡ አሥር ስስ ብረቶች አንዱ ከሌላው ኋላ ቆመዋል፤ ካቶዶቹ (አሉታዊ ጫፎቹ) እነሱ ናቸው። ከፊታቸው አኖድ (አዎንታዊ ጫፍ) የሆነ ስስ የሽቦ መረብ አለ። በመረቡና በአንዱ አኃዝ መካከል 170 ቮልት ገደማ ሲለቀቅ ያንን አኃዝ የከበበው የኒዮን ጋዝ ብርቱካንማ ሆኖ ይበራል። እንደ ተራ አምፖል የሚግል ክር የለውም። የሚያበራው ጋዙ ነው፤ ብረቱ ለጋዙ ቅርጽ ይሰጠዋል።

አራቱ ላይ ኢን-14፣ ሁለቱ ላይ ኢን-8-2 የሚል ታትሟል። ከውጭ ሲታዩ መንትያ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ከጎን የሚነበቡ፣ የአኃዛቸው ቁመት 18 ሚሊሜትር፣ ከግርጌያቸው ለስላሳ ሽቦ የሚወጣላቸው ናቸው። ሳበራቸው ግን ልዩነታቸው 5 ላይ ወጣ። የኢን-8-2 5 እንደምናውቀው 5 ነው። የኢን-14 ግን አናቱ ላይ ረጅም አግድም መስመር አለው፤ ከመስመሩ ግራ ጫፍ ቀጥ ብሎ በመውረድ ፈንታ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ ከዚያ ታች ይታጠፋል። አየት ሳደርገው 2 ነው፣ የተገለበጠ 2።

አራት አኃዝ ያለው ሰዓት ልሠራ አስቤአለሁ። ሁለቱን ዓይነት ባቀላቅል ያምራል? ይህ 5 የፋብሪካ ጉድለት ነው ወይስ አስመስሎ የተሠራ ዕቃ? አንዱ ኢን-14 ደግሞ 7 ቁጥሩ የሚበራው እስከ ግማሹ ብቻ ነው፤ ሌላው 8 ላይ ደከም ይላል። የምታውቁ እርዱኝ።

ሰዓት ወዳጅ (ኮምቦልቻ)

እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። ዕቃው እውነተኛ ነው። ኢን-12 እና ኢን-14 ሲፈጠሩም 5ታቸው እንደዚያ ነው። ኢን-8-2፣ ኢን-16 እና ትልቁ ኢን-18 ትክክለኛ 5 አላቸው። የእኔን ሐሳብ ከጠየቅኸኝ ኢን-14ቱን ለሌላ ሰው አስተላልፈህ ሁለት ኢን-8-2 ፈልግ። በቀን ስንት ጊዜ የምታየው ቁጥር ዓይንህን ሊወጋህ አይገባም።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

በዚህ አልስማማም። እስቲ 2ን ከወረቀት ቆርጣችሁ እግሩን ወደ ላይ፣ ጀርባውን ወደ ፊት አዙሩት። ያ የኢን-14 5 ነው። በወረቀቱ ላይ ሳታነሱ ብቻ ብታሽከረክሩት ተመልሶ 2 ይሆናል፤ ጀርባውን ወደ ፊት ማዞር የግድ ነው። ካቶዱ ከስስ ብረት የተቆረጠ ስለሆነ ፊትና ጀርባው እኩል ነው፤ አንዱ ቅርጽ ለሁለት አኃዝ ያገለግላል። ይህን ያየው ሰው ብረቱን በእጁ ይዞ ያሰበ ሰው ነው ብዬ አምናለሁ። እኔ እንዲያውም ከሌላው 5 ይልቅ የምወደው ይህንን ነው፤ ከየትኛው ፋብሪካ እንደመጣ ከሩቅ ይነግርሃል።

አትሽጥ። አቀላቅለህ ሥራው፤ ግን የቱ የት እንደሚቆም አስበህ። ጋሼ ቫልቭ ይህን ቢያዩልን ጥሩ ነበር።

ጋሼ ቫልቭ (ደሴ፣ ፒያሳ)

አይቼዋለሁ ልጆቼ። ከቫልቭ ሬዲዮ ጀምሮ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝና በዚህ ነገር ላይ ዝም ማለት አልችልም።

ልጄ የሆጤ፣ በመጀመሪያ ቱቦውን ሳታበራ በብርሃን ፊት አቁመህ ከጎኑ ተመልከተው። አኃዞቹ ከ0 እስከ 9 በተራቸው የቆሙ ይመስልሃል፤ አይደሉም። በኢን-12 ከፊት ወደ ኋላ 3፣ 8፣ 9፣ 4፣ 0፣ 5፣ 7፣ 2፣ 6፣ 1 እያለ ይሄዳል። በብዙ ሌሎች ቱቦዎች ደግሞ 6፣ 7፣ 5፣ 8፣ 4፣ 3፣ 9፣ 2፣ 0፣ 1 ነው። ምክንያቱ ይህ ነው፦ የማይበራው ብረት ከሚበራው ፊት ይቆማል፤ ስለዚህ ከፊት ያሉት ከኋላ ያለውን ብርሃን በተቻለ መጠን እንዳይሸፍኑ ቅደም ተከተሉ ተመርጧል። 1 በሁለቱም ድርድር የመጨረሻው መሆኑን ልብ በል። ቁጥሩ ሲቀያየር አንዴ ቀረብ፣ አንዴ ራቅ የሚለው ከዚሁ የተነሳ ነው። ያንን ጥልቀት የትኛውም ጠፍጣፋ ስክሪን አይሰጥህም፤ እኔን እስከ ዛሬ የያዘኝም እሱ ነው።

ሁለተኛ መረቡን እይ። በአንዳንዱ ቱቦ የመረቡ ቀዳዳ ባለ ስድስት ጎን ነው፣ በሌላው አራት ማዕዘን፤ ሽቦው በአንዱ ደቃቅ፣ በሌላው ወፍራም ነው። ደቃቁ መረብ ሲበራ ከዓይን ይሰወራል፤ ወፍራሙ በአኃዙ ላይ ጥላ ይጥላል። አራት ቱቦ ጎን ለጎን ስታቆም ከ5 ቅርጽ ይልቅ ዓይን ቶሎ የሚያጠምደው የመረብ ልዩነት ነው። ስለዚህ አስቀድመህ በመረብ አጣምራቸው።

አሁን ወደ 7ህ ልምጣ። ያ ቱቦ አልሞተም። አንድ አኃዝ ብዙ ሰዓት ሲበራ ከላዩ የብረት ብናኝ እየተነሳ ሥራ ፈትተው በቆሙት ጎረቤቶቹ ላይ ይለብጣል። የተለበጠው ቦታ ብርሃን አይዝም። ለዚህ ነው አኃዙ ግማሹ በርቶ ግማሹ የሚጨልመው። መድኃኒቱ ያንኑ አኃዝ ብቻውን ከተለመደው ትንሽ ከፍ ባለ የኤሌክትሪክ ጅረት ለሰዓታት ማብራት ነው፤ ልባጩ እየተገፈፈ ይሄዳል። ትንሽ ከፍ ያለ ማለቴን አስምርበት፤ አብዝተህ ከለቀቅህበት የምታድነውን አኃዝ ራሱን ትበላዋለህ።

የቱቦ ዕድሜም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ቡሮውስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኒክሲን በ1955 ገበያ ሲያወጣ የመጀመሪያዎቹ ዕድሜ 5,000 ሰዓት ያህል ነበር፤ ያለማቋረጥ ቢበራ ሰባት ወር እንኳ አይሞላም። በኋላ ጥቂት ሜርኩሪ በጋዙ ላይ ሲጨመር የብረቱ መበላት እጅግ ቀነሰ፤ ከመጨረሻዎቹ አንዳንዶቹ 200,000 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይሄዳሉ፤ ከሃያ ዓመት ያልፋል። በአኃዙ ጠርዝ ላይ ሰማያዊ ጭላንጭል ካየህ ሜርኩሪው ነው፣ አትደንግጥ። አምፖሉ ከተሰበረ ግን መስኮት ክፈት፣ ስባሪውን በባዶ እጅ አትንካ፣ ሕፃናት አይቅረቡ።

አሁን አቀማመጡ። በሰዓት ላይ አራቱ ቱቦዎች እኩል አይሠሩም። የሰዓቱ አሥር ቤት ከ1 በቀር ምንም አያሳይም፤ 7ቷ ግማሽ የሆነችው ኢን-14 እዚያ ብትቆም ማንም አያውቅባትም። የደቂቃው አሥር ቤት ከ0 እስከ 5 ብቻ ነው የሚሠራው፤ 8 የደከመባት እዚያ ትስማማለች። ጤነኞቹን አሥሩም አኃዝ ለሚፈለጉበት ለደቂቃው አንድ ቤትና ለሰዓቱ አንድ ቤት አስቀር።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ጋሼ ከልብ አመሰግናለሁ። በአንድ ነገር ላይ ግን ላክል። 7 እና 8ን ብቻ ካየን እርስዎ ያሉት ልክ ነው፤ 5ን ስናስገባ ግን ሌላ አደራደር ይመጣል።

የሁለቱ ዓይነት 5 ጎን ለጎን መታየት ነው የሚያስጠላው እንበል። ሁለቱ ኢን-8-2 የደቂቃውን ሁለት ቤት ይያዙ፣ ሁለት ኢን-14 የሰዓቱን። የሰዓቱ አንድ ቤት 5 የሚያሳየው 5 ሰዓት ላይ ብቻ ነው። በዚያ ሰዓት ውስጥ ደቂቃው 5 የሚኖርበት ከ50 እስከ 59 ያለው አሥር ደቂቃ፣ በተጨማሪም 05፣ 15፣ 25፣ 35 እና 45 ነው፤ በድምሩ 15 ደቂቃ። ቀንና ሌሊቱን ስንደምር በ24 ሰዓት ውስጥ ሁለቱ ቅርጾች የሚገናኙት 30 ደቂቃ ብቻ ነው። 7ቷ ግማሽ የሆነችው እንደተባለው በሰዓቱ አሥር ቤት ትቁም፤ 8 የደከመባት መጠባበቂያ ትሁን።

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር አድርገው። ለዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩቲሲ) ከተጻፈ ፕሮግራም ላይ 3 ቀንስ፤ የእኛን ሰዓት ይሰጥሃል፤ በዚያ ከንጋቱ 4 ሲሆን እዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ውጤቱ ዜሮ ሲሆን 12 ጻፍ፣ ከዜሮ በታች ሲሆን 12 ደምርበት፣ ከ12 ሲበልጥ 12 ቀንስለት። የአሥር ቤቱ ቱቦ ከ1 እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆኖ ያርፋል፤ ይህም ዕድሜ ይጨምርለታል።

ጊዜ ጠባቂውን ደግሞ ከመብራቱ 50 ኸርዝ አትውሰድ። መብራት ሲጠፋ ቆጠራው ይቆማል፣ ጄኔሬተር ሲነሳ ደግሞ ፍጥነቱ ይዛባል። ዲኤስ3231 የተባለችው ቺፕ የራሷ ክሪስታል አላት፣ ትንሽ ባትሪም ይገጠምላታል፤ በዓመት የምትዛነፈው በአንድ ደቂቃ ገደማ ነው። አራቱ ቱቦዎች ራሳቸው ከ2 ዋት በታች ስለሚበሉ በ12 ቮልት ባትሪ ሌሊቱን በሙሉ ያድራሉ።

ጦሳ ተራራ (ደሴ)

የፊዚክስ ተማሪ ነኝ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ከ1,800 በላይ። የጋዝ መብራት እንደ ግፊቱ ስለሚለያይ የምንጠቀመው ቮልት በሁለቱ ከተሞች መለያየት የለበትም?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ጥሩ ጥያቄ ነው። ቱቦው ሲሠራ አየሩ ተስቦ ወጥቶ፣ ግፊቱ ከከባቢ አየር እጅግ ያነሰ ጋዝ ገብቶበት የታሸገ ነው። ሐረጎን ብትወጣ ብትወርድ በውስጡ የሚለወጥ ነገር የለም። ከውጭ ያለው ስስ አየር እሳት ይዘላል ብለህ ከሰጋህም፣ በፓሼን ሕግ መሠረት አየር በየትኛውም ግፊት ከ327 ቮልት ገደማ በታች እሳት አያሳልፍም፤ የእኛ 170 ገደማ ከዚያ ብዙ ያንሳል። ለዓይን የሚታይ ልዩነት የሚያመጣው ጨለማ ነው። ድቅድቅ ባለ ክፍል ውስጥ ቱቦው ለመቀጣጠል ትንሽ ሊያመነታ ይችላል፤ መነሻ የሚሆኑትን ኤሌክትሮኖች ብርሃን ስለሚያግዝ ነው።

የሒሳብ መምህርት (ደሴ)

እስከ ዛሬ አንባቢ ብቻ ነበርኩ፤ ይህ ውይይት ግን እጄን አስነሳኝ። በግዕዝ ቁጥር ኒክሲ ለምን አይኖርም? ግዕዝ ዜሮ የለውም ተብሎ ይተዋል። ሰዓት ግን ዜሮ አያስፈልገውም፤ አስቡት። የሰዓቱ ግራ ቱቦ ፲ን ብቻ ይይዛል፣ ቀኙ ከ፩ እስከ ፱። ፲ ሰዓት ሲሆን ግራው ይበራል፣ ቀኙ ይጠፋል። ፲፪ ሰዓት ፲ እና ፪ ነው። የደቂቃው ግራ ቱቦ ፲፣ ፳፣ ፴፣ ፵ እና ፶ን፣ ቀኙ እንደገና ከ፩ እስከ ፱ን ይይዛል። ልክ ሰዓቱ ሲሞላ የደቂቃው ሁለት ቱቦ ጨለማ ነው። ሲደመር 24 ካቶድ ብቻ፤ በሂንዱ ዓረብ አኃዝ ከሚሠራው ከአራት ቱቦ 40 ካቶድ በእጅጉ ያነሰ ነው። በሰዓት ላይ የግዕዝ አቆጣጠር ጉድለት የለበትም፣ እንዲያውም ቁጠባ አለው።

ጋሼ ቫልቭ (ደሴ፣ ፒያሳ)

እመቤቴ፣ ያነሱት ሐሳብ እንቅልፍ የሚነሳ ነው። ካቶድ ሲያንስ ድርድሩ ስስ ይሆናል፤ ከፊት የሚሸፍነው ስለሚቀንስ የኋላው አኃዝም ጠርቶ ይታያል። ፲ን ብቻ የያዘው ቱቦ ምንም ሸፋኝ የለበትም።

አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ። የግዕዝ አኃዝ ሁሉ ከላይና ከታች አግድም ሰረዝ አለው፣ ሁሉም በአንድ ቦታ ላይ። ዘጠኙን ደርድረው ኋላ ያለውን ቢያበሩ የፊተኞቹ ስምንት ሰረዞች የእሱን ሰረዝ ይጋርዱታል። የቁጥር አደራደርን ብልሃት ሁሉ ያፈርሳል። ሁለቱን ሰረዞች ከአኃዞቹ ለይቶ የራሳቸው ካቶድ አድርጎ ከሁሉም ፊት ማቆም አንድ መንገድ ነው፤ አኃዙ ሲበራ እነሱም አብረው ይበራሉ። ግን ሁልጊዜ የሚሠሩት እነሱ ስለሚሆኑ ብናኛቸው በመስታወቱ ላይ እያረፈ ቀድመው የሚያጠቁሩት እነሱ ይሆናሉ። ጅረታቸውን ዝቅ ማድረግ ይገባል።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ሰረዙን ከላይና ከታች በዘጠኝ ደረጃ ከፍና ዝቅ አድርጎ ለየአኃዙ መቁረጥስ? ከፊት ያለው አኃዝ አጠር፣ ከኋላ ያለው ረዘም ካለ ሰረዞቹ አይደራረቡም። ቅርጹ ግን እየተለያየ መሄዱን ዓይን ያየዋል። መምህርት፣ ሥዕሉን ቢሠሩልን በወረቀት ቆርጠን እናየዋለን።

በእጅ መሥራት እንደሚቻል የሚያሳይ ሰው አለ። ዳሊቦር ፋርኒ የተባለ የቼክ ሰው ኒክሲን እንደገና በእጅ መሥራት ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል፤ መነሻ ያደረገው የምሥራቅ ጀርመኑን ዜድ568ኤም ነው፣ አኃዙ 50 ሚሊሜትር የሚረዝመውን። የሚፈልገው የቫኩም ፓምፕ፣ መስታወት የሚያቀልጥ እጅና ትዕግሥት ነው። ኮምቦልቻ ላይ ቢያንስ ትዕግሥቱ አለን።

ሰዓት ወዳጅ (ኮምቦልቻ)

ስለ መጠን ከተነሳ፣ የጃፓኑ ሮዳን ሲዲ47 አኃዙ 135 ሚሊሜትር ነው፤ ከቡና ስኒ ይበልጣል። የቡሮውስ ቢ-7971 ደግሞ የተደረደረ አኃዝ የለውም፤ 15 ቁራጭ መስመሮች አሉት፣ በእነሱ ፊደልም ቁጥርም ይጽፋል። ፊሊፕስ ፓንዲኮን ብሎ በአንድ ረጅም ቱቦ ውስጥ 14 አኃዝ ደርድሯል። አንዳንድ የአውሮፓ ቱቦዎች ሁለት አኖድ አላቸው፤ አኃዞቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይያያዛሉ፣ የትኛው እንደሚበራ አኖዱ ይመርጣል፤ በዚህ የሚወጣው ሽቦ ይቀንሳል።

እኔ ግን አንድ ቀይ ቀለም የተቀባ ቱቦ አለኝ። ቀለሙን በአሴቶን ልፋቀው አስቤአለሁ፣ ውስጡ እንዲታይ።

ጋሼ ቫልቭ (ደሴ፣ ፒያሳ)

አትፋቀው ልጄ። ቀለሙ ጌጥ አይደለም። የሜርኩሪውን ሰማያዊ ብርሃን አስቀርቶ ቀዩንና ብርቱካኑን ብቻ ያሳልፋል፤ በቀን ብርሃንም ብረቶቹ እንዳያብረቀርቁ ይደብቃቸዋል። ቁጥሩ በፀሐይ ፊት እንዲነበብ የታሰበበት ነው።

ሰዓት ወዳጅ (ኮምቦልቻ)

ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ለመለኪያ መሣሪያ ነው። እኔ ማታ ማታ መደርደሪያ ላይ የማየው ነው፤ ያ ሰማያዊ ጭላንጭል ለእኔ ውበት ነው። የሶቪየቶቹ ኢን-14 ያለ ቀለም ያምሩ የለም?

ጋሼ ቫልቭ (ደሴ፣ ፒያሳ)

ያምራሉ። ግን ያለ ቀለም የተሠራና ቀለሙ የተፋቀ አንድ አይደሉም። የተፋቀውን መልሰህ አትቀባውም። ከፈለግህ ያልተቀባ እሰጥሃለሁ፣ ቀዩን ለእኔ ላክልኝ።

ሰዓት ወዳጅ (ኮምቦልቻ)

ተስማምተናል። በሚኒባስ እልካለሁ፣ በጥጥ ጠቅልዬ።

የሆጤ ልጅ (ደሴ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንደተባለው 7ቱን ብቻዋን ከፍ ባለ ጅረት አብርቼ ተውኳት። ብርሃኑ መጀመሪያ ከታጠፈችበት ማዕዘን ጀምሮ ነጥብ ነጥብ እያለ ወደ ታች ወረደ፤ አሁን እግሯ ድረስ በርታለች፣ ጫፏ ላይ ብቻ ትንሽ ይቀራል። የቦርከናን አደራደር መርጫለሁ። መንጃው (የሚበራውን አኃዝ የሚመርጠው ቺፕ) ኬ155አይዲ1 ነው፣ ከዚያው መሣሪያ ነቅዬ ያወጣሁት። የቀረኝ የአኖድ ሬዚስተር ነው። ለሁለቱ ዓይነት አንድ ዓይነት ልስጥ? ሽቦዎቹንስ እንዴት ልጠፋቸው? ከመስታወቱ ሥር ሲሰነጠቅ አይቻለሁ ያለኝ ሰው አለ።

ጋሼ ቫልቭ (ደሴ፣ ፒያሳ)

ሒሳቡ ቀላል ነው። ቱቦው ከተቀጣጠለ በኋላ በራሱ ላይ 140 ቮልት ገደማ ይይዛል፤ ቀሪውን ሬዚስተሩ ይሸከማል። ከ180 ቮልት ብትነሳ 40 ይቀራል፤ ለ2.5 ሚሊአምፔር 16 ኪሎኦም ነው። ከቻልህ ግን ከ200 ቮልት ተነስና 24 ኪሎኦም አድርግ፤ ቱቦዎቹ በቮልት ቢለያዩም ብርሃናቸው ይቀራረባል። ለአራቱም ከዚህ ጀምር፣ ከዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ አስተያያቸው፤ ደመቅ ያለው ላይ ሬዚስተሩን በትንሹ ጨምር። መቼም ቢሆን ያለ ሬዚስተር እንዳታገናኝ።

ሽቦውን በቀጭን ፒንሳ ከመስታወቱ በላይ ትንሽ ራቅ ብለህ ያዝና ከፒንሳው ወዲህ ያለውን እጠፍ፤ ኃይሉ ፒንሳው ላይ ይቅር፣ መስታወቱ ላይ አይድረስ። ስትበይድም ፒንሳው እዚያው ይቆይ፣ ሙቀቱን ይጠጣልሃል። ሠሌዳውን ከመንካትህ በፊት ኃይሉን አጥፍተህ ካፓሲተሩን በ100 ኪሎኦም ሬዚስተር አራግፈው፣ በቴስተርም ዜሮ መሆኑን እይ። በቀጥታ በሽቦ አታገናኘው።

ለመብራት ሙከራው ፒያሳ ሱቄ ብትመጣ 200 ቮልት የሚሰጥ ምንጭ አለኝ። 8 የደከመባትንም ይዘሃት ና።